ሶፋው ለአሥር እንግዳ፣ ድምፁ ለአንድ ሰው

በድምፅ መሣሪያ ገበያ ውስጥ የማይመዘን፣ የማይቆጠርና በእጅ የማይዳሰስ ሸቀጥ ገብቷል። ካርቶኑ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም፤ ካርቶኑ ላይ ግን በጉልህ ፊደል ተጽፏል። አንዳንዴ «ስፓሻል ኦዲዮ»፣ አንዳንዴ «ዶልቢ አትሞስ»፣ አንዳንዴም «ቨርቹዋል ሰራውንድ» ይባላል። ሻጩ ሁሉንም ጠቅልሎ «ድምፁ በዙሪያዎ ይዞራል» ይላል። ገዢው ይህን ሰምቶ፣ ጽሑፉ በሌለበት ተመሳሳይ ዕቃና ጽሑፉ ባለበት መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ቆጥሮ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ ልዩነቱን የከፈለው ለስፒከር አይደለም። ለሶፍትዌር ነው።

ነጋዴ የሚገዛውን ዕቃ አገላብጦ ማየት ልማዱ ነው። ይህንን ግን ማገላበጥ አይቻልም። ስለዚህም እቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል፤ በተለይ ከዱባይ በኮንቴይነርም ሆነ በሻንጣ አስመጥቶ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው።

ለመሆኑ ሶፍትዌሩ የሚሠራው ምንድን ነው? ነገሩ ጥንቆላ አይደለም። ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው በሁለት ጆሮው ነው። ከግራ የተነሳ ድምፅ ግራ ጆሮን ቀድሞ ያገኛል፤ ቀኝ ጆሮ ዘንድ የሚደርሰው ራስን ዞሮ ስለሆነ ዘግይቶና ደክሞ ነው። መዘግየቱ ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አእምሮ ይህችን ታህል ልዩነት ይዞ አቅጣጫ ያወጣል። የውጭው ጆሮ ቅርፅና እጥፋት ደግሞ የፊቱን ከኋላው፣ የላዩን ከታችኛው ለመለየት ይረዳል። ሶፍትዌሩ እነዚህን ልዩነቶች በስሌት እያስመሰለ፣ በሁለት ስፒከር ወይም በኤርፎን ብቻ ከኋላ ወይም ከጣሪያ የመጣ የሚመስል ድምፅ ያሰማል።

ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን የስቴሪዮን የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ማንፍሬድ ሽሮደርና ቢሽኑ አታል የግራው ስፒከር ድምፅ ወደ ቀኝ ጆሮ፣ የቀኙም ወደ ግራ እንዳይሻገር በተቃራኒ ድምፅ የሚሰርዝ ዘዴ አሳይተዋል። የዛሬው ሶፍትዌር የዚያ የልጅ ልጅ ነው። በዚህ ዘርፍ ስሙ የሚነሳው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤድጋር ሹዌሪ የሠራው «ባክ» የተባለው ዘዴም የሚያደርገው ይህንኑ ስረዛ በተራቀቀ መንገድ ነው፤ ሰምተው የተደነቁ ጥቂት አይደሉም።

እንግዲህ ዘዴው አይሠራም ብሎ መከራከር ከንቱ ነው። ይሠራል። መጠየቅ ያለበት የት ቦታ፣ ለስንት ሰው፣ በምን ወጪ የሚለው ነው።

ከስረዛው እንጀምር። አንድን ድምፅ በተቃራኒው ለመሰረዝ ሁለቱ ጆሮው ዘንድ በትክክለኛው ቅጽበት መገናኘት አለባቸው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የ5 ሺህ ኸርትዝ ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 7 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ አድማጩ ራሱን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢያዘነብል፣ ሊሰርዝ የመጣው ድምፅ ሊያጎላ ይችላል። ለዚህ መፍትሔ ተበጅቷል፤ ካሜራ የአድማጩን ራስ እየተከታተለ ሶፍትዌሩን ያስተካክላል። አሁንም ግን የሚከታተለው የአንድ ሰው ራስ ነው። አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ፣ ከጎኗ ያለው ልጅ፣ ለሌላ ሰው ጆሮ የተቀመመ ድምፅ ይሰማሉ። ይህም የድምፁን መልክ ይለውጠዋል፤ አንዳንዴ የዘፋኙ ድምፅ ቀጭን ይሆናል፣ አንዳንዴ ቦታው ይጠፋል።

እዚህ ላይ ነው የኢትዮጵያ ሳሎን መታየት ያለበት። ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ሰዎች በሐሳባቸው የያዙት ቤት አንድ ወንበር መሃል ላይ፣ ሁለት ስፒከር ከፊት፣ በሩ የተዘጋ፣ ሰውየውም ብቻውን የተቀመጠበት ነው። የአዲስ አበባ ሳሎን እንዲህ አይደለም። ሶፋው በግድግዳው ዙሪያ ይደረደራል። መሃሉ ለጠረጴዛና ለረከቦት ክፍት ነው። እንግዳ ከበር ጀምሮ በማዕረጉ ይቀመጣል፤ የክብር ቦታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ሳይሆን ከበሩ ራቅ ያለው ጥግ ነው። ሁለት ሰው ለሰላምታ ይነሳል፣ አንዷ ቡና ታቀርባለች፣ ሕፃን በመሃል ይሮጣል። ለአንድ ራስ የተሠፋ ድምፅ በዚህ ቤት ውስጥ ባለቤቱን እንኳን አያገኘውም፤ ባለቤቱ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ እንግዳ እያጫወተ ነውና።

ቤቱ የተሠራበት ነገርም አለ። ወለሉ ሴራሚክ ወይም ቴራዞ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት ከሆነ ድምፅ እየተንጠረበበ ይመለሳል። ሶፍትዌሩ ወደ ጆሮ በቀጥታ የሚሄደውን ድምፅ አሰናድቶ ይልካል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ግን ሳይሰናዳ ይደርስና ያበላሽበታል። ወደ ላይ የሚያዩ ስፒከሮች ያሏቸው ሳውንድ ባሮች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። እነዚህ የከፍታ ድምፁን ወደ ጣሪያ ወርውረው ተመልሶ በአድማጩ ላይ እንዲወርድ የታሰቡ ናቸው። ስለዚህ ጣሪያው ጠፍጣፋና ድምፅ የሚመልስ መሆን አለበት፤ አምራቾቹ ራሳቸው ይህንኑ ይመክራሉ። ኮንክሪት ሶሌታ ላለው አፓርታማ ያስኬድ ይሆናል። ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ በሆነበት ቤት ግን ድምፁ ጨርቁን አልፎ ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል። ክረምት ላይ በቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብ የሚያሰማው የዙሪያ ድምፅ ያለ ምንም ፈቃድ ክፍያ ስለሚገኝ፣ ተጨማሪ መግዛት አያሻም።

ስረዛው የሚበላው ኃይልም አለ። ዝቅ ባለው ድምፅ፣ ማለትም በቤዙ አካባቢ፣ ሁለቱ ጆሮዎች የሚሰሙት ተመሳሳይ ስለሆነ ልዩነት ለመፍጠር ማጉያው አብዝቶ መግፋት ይኖርበታል። ትልቅ ማጉያና ጠንካራ ስፒከር ያለው ሰው ይችለዋል። በትንሽ ሳውንድ ባር ላይ ሲሆን ግን ወይ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ወይ ሶፍትዌሩ ራሱ ቤዙን ቆርጦ ይተወዋል። ጥሩ የተባሉት ሶፍትዌሮች የሚለዩት ይህንን ሚዛን በመጠበቅ ነው፤ የእነዚያም ዋጋ በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። በዚያ ላይ በመሃል ኮምፒውተር መግባት አለበት። ጆሮ ውስጥ ትንንሽ ማይክራፎን ሰክቶ መለካት አለ። ሶፋው ቦታ ሲቀይር እንደገና መለካት አለ። ዘፈን ለመስማት ቴፑን ይከፍት የነበረ ሰው አሁን ኮምፒውተር አስነስቶ፣ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ካሜራ አስተካክሎ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ ትርፍ ጊዜ ያለው ነጋዴ ካለ ንግዱ አልተሳካለትም ማለት ነው።

«ለስፒከር ካልሆነ ለኤርፎን ይሆናል» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ኤርፎን ላይ ግራው ለግራ፣ ቀኙ ለቀኝ ብቻ ስለሚደርስ ክፍሉም ጎረቤቱም አያስቸግርም። አፕል ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤርፖድስ ላይ ያስገባው ራስን የሚከታተል ስፓሻል ኦዲዮ በፊልም ላይ ብዙ ሰው አስደስቷል። ሌሊት ቤተሰብ ተኝቶ ብቻውን ፊልም ለሚያይ ወይም ጌም ለሚጫወት ሰው የሚጠቅም ነገር ነው። ችግሩ የጆሮ ነው። የአንዱ ጆሮ ቅርፅ እንደ ሌላው አይደለም። ሶፍትዌሩ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከአማካይ ጆሮ ነው። ጆሮው ከአማካዩ የራቀ ሰው ከፊት መምጣት ያለበትን ከኋላ ወይም ከራሱ ውስጥ ይሰማዋል። አፕል በ2022 እ.ኤ.አ. በስልክ ካሜራ ጆሮን የሚቃኝ አሠራር ያወጣው ለዚሁ ነው። ርካሹ ኤርፎን ላይ ግን «ስሪ ዲ» የሚለው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ጥቂት ማስተጋቢያና ተጨማሪ ቤዝ ከመጨመር አያልፍም። በብሉቱዝ ሲሆን ደግሞ ድምፁ ከምስሉ ኋላ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ የተዋናዩ ከንፈር ከቆመ በኋላ ቃሉ ይሰማል።

አሁን ወደሚዘፈነው እንምጣ። አሠራሩ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ሥራው ከመጀመሪያው ለዚሁ ተብሎ ሲቀናበር ነው። በዶልቢ አትሞስ እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደሚቀመጥ መመሪያ ተይዞለት ይመጣል፤ ሲኒማ ቤት የገባው በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ቤት የደረሰው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። በአዲስ አበባ ሳሎን የሚሰማው አብዛኛው ግን ስቴሪዮ ነው፤ የቀድሞውም ሞኖ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ በአምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን የመሰሉ የዘመኑ ሸክላዎች ላይ ከበሮው፣ ሳክስፎኑና ዘፋኙ በአንድ ቻናል ተጨፍልቀው የተቀረጹ ሞልተዋል። እንዲህ ባለው ቅጂ ውስጥ የአቅጣጫ መረጃ የሚባል ነገር የለም። ሶፍትዌሩ ከየት ያመጣዋል? ከራሱ ይፈጥራል። ድምፁን ይከፋፍላል፣ ጥቂቱን ያዘገያል፣ ጥቂቱን ያስተጋባል፣ ግራና ቀኝ ይበትነዋል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ያስመስለዋል። መሃል ላይ ደረቱን ነፍቶ ይቆም የነበረ ድምፅ ግድግዳው ላይ ተቀብቶ ይቀራል። በማሲንቆ ወይም በክራር ብቻ የታጀበ ዜማ ላይ ጉዳቱ ጎልቶ ይሰማል፤ የሚደብቀው ሌላ መሣሪያ የለምና። ሽማግሌው አባት «ይሄን ነገር አጥፋው» የሚለው ዘመን ስላልገባው አይደለም። ዘፈኑን በልቡ ስለሚያውቀው ነው።

ገመዱም የራሱ ጣጣ አለው። ከቴሌቪዥኑ ወደ ሳውንድ ባሩ የሚሄደው የኦፕቲካል ገመድ ከሆነ ዶልቢ አትሞስን ጨርሶ አያሳልፍም፤ ኤች ዲ ኤም አይ ያስፈልጋል፣ ያውም ድምፅ መላሽ በሆነው መሰኪያ። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ከሆነ መሰኪያው ላይኖረው ይችላል። ይሁንና መሣሪያው አይናገርም። የደረሰውን ስቴሪዮ ወስዶ በራሱ ዘዴ ይበታትነዋል፤ ገዢውም አትሞስ እየሰማ ይመስለዋል። ኔትፍሊክስም ቢሆን አትሞስን የሚሰጠው በውድ በሚከፈልበት ደረጃ ብቻ ነው። ሦስት ነገር ተከፍሎ አንዱ ከጎደለ ሁለቱም ባከኑ።

የዳታው ሒሳብ ደግሞ ለብቻው ይታይ። አፕል ሙዚቃን በአትሞስ ማቅረብ የጀመረው በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ መልክ የሚመጣው ሙዚቃ በሰከንድ እስከ 768 ኪሎ ቢት ይወስዳል። በሰዓት ሲሰላ 345 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። የተለመደው ባለ 256 ኪሎ ቢት ስቴሪዮ ግን 115 ሜጋ ባይት ነው። ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ያ ሁሉ መጥቶ በኤርፎን ሲሰማ መጨረሻው ሁለት ቻናል ነው። ቤቱ ያልተገደበ ኢንተርኔት ላለው የዋሽንግተን ወይም የፍራንክፈርት ዘመድ ይህ ምንም አይደለም። የሞባይል ጥቅል እየቆጠረ ለሚገዛ ግን ወጪ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ችግር እያለ ገበያው ለምን ይገፋዋል? እዚህ ላይ ነጋዴ የሚገባው ቋንቋ ይመጣል። በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የሚሸጠው ዶልቢ ከገቢው አብዛኛውን የሚያገኘው ዕቃ ሠርቶ ሳይሆን ለሌሎች አምራቾች ፈቃድ እየሸጠ ነው። ስሙ በተለጠፈበት ዕቃ ብዛት ያተርፋል፤ ሳሎኑ ሴራሚክ ይሁን ምንጣፍ አይመለከተውም። አፕልም በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ሥራቸውን በስፓሻል መልክ ለሚያቀርቡ ባለመብቶች እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ክፍያ መስጠት ጀምሯል። ስለዚህ አሳታሚው ያቀናብራል፣ አምራቹ ይለጥፋል፣ አስመጪው ይጭናል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ለአድማጩ ጆሮ ተጠያቂ የሆነ ወገን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

መደርደሪያ ላይ ዕቃ ያለው ሰው ሌላም ሥጋት አለበት፤ ስሙ ያረጃል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ «ኳድራፎኒክ» የተባለ ባለ አራት ስፒከር ድምፅ ወጥቶ ነበር። የሲቢኤስ «ኤስ ኪው»፣ የሳንሱይ «ኪው ኤስ»፣ የጄቪሲ «ሲዲ-4» እርስ በርስ የማይግባቡ ሦስት ዓይነቶች ሆነው ገበያውን ተሻሙት። አንዱን የገዛ የሌላውን ሸክላ እንደሚገባው መስማት አይችልም ነበር። አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ነገሩ ከገበያ ወጣ፤ የከሰረው ያከማቸው ነጋዴና የገዛው ደንበኛ ነው። ሩቅ ታሪክ ነው የሚል ካለ የቅርቡን ይመልከት። ሶኒ በ2019 እ.ኤ.አ. «360 ሪያሊቲ ኦዲዮ» የተባለውን አወጣ፤ ታይዳል የተባለው የሙዚቃ አቅራቢ ተቀብሎት ቆይቶ በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. አቋረጠው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳምሰንግና ጉግል የፈቃድ ክፍያ የሌለበትን «ኤክሊፕሳ ኦዲዮ» ይዘው ብቅ ብለዋል። ዛሬ ካርቶን ላይ ባለው ስም ምክንያት ዋጋ የጨመረ ነጋዴ፣ ነገ በሌላ ስም ምክንያት ዋጋ ሲቀነስበት የሚያጽናናው አያገኝም። ብር በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በዚያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማግስት በውድ ዶላር የተገዛ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የሚቀነሰው ከባድ ነው።

ካፌ፣ ላውንጅ ወይም ሆቴል የሚከፍቱ ባለሀብቶችም በዚህ ስም ሲታለሉ ይታያል። ሰው የሚንቀሳቀስበት ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ በየጠረጴዛው እኩል የሚሰማ፣ ብዙ ትንንሽ ስፒከር ላይ የተከፋፈለ፣ ጨዋታን የማይረብሽ ድምፅ። ይህ በሞኖ ቢሠራም ማንም አይከስም።

ሊገዛ የሚሄድ ሰው በሱቁ ውስጥ ጥቂት ነገር ማድረግ ይችላል፤ ሻጩም ቢፈቅድ ለራሱ ስም ነው። ሶፍትዌሩ ሲበራ ድምፁ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ ጆሮ ደግሞ የጮኸውን የተሻለ ይመስለዋል። ስለዚህ ሲበራና ሲጠፋ ድምፁ እኩል እንዲሆን ተደርጎ ይሰማ። የማሳያው ፊልም ሄሊኮፕተር ያለበት ይሆናል፤ ሁሌም ሄሊኮፕተር አለ። እሱ ይቅርና ገዢው በልቡ የሚያውቀው የአማርኛ ዘፈን ይከፈት። ከመሃል ተነስቶ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎም ይስማ፤ እቤቱ የሚቀመጠው እዚያ ነውና። ቁልፉ መጥፋት የሚችል መሆኑን ያረጋግጥ፤ የማይጠፋባቸው አሉ። ሶፍትዌሩን ለብቻው የሚገዛ ከሆነም ጥንቃቄ አይጎድለው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ማይክሮሶፍት የራሱን በነፃ ይሰጣል፤ የዶልቢው ግን በክፍያ ነው። በነፃው ያልተደሰተ ጆሮ በተከፈለበት ይደሰታል ማለት አይቻልም።

ልዩነቱን የሚከፍልበት ገንዘብ ያለው ሰው በዚያው ገንዘብ ምን ሊገዛ ይችል እንደነበርም ያስላ። ወፍራም መጋረጃ፣ ሴራሚኩ ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያሉ ሁለት ስፒከሮች። እነዚህ ማሻሻያ አይጠይቁም፣ የይለፍ ቃል የላቸውም፣ በግድግዳው ዙሪያ ለተቀመጠው እንግዳ ሁሉ ይሠራሉ። አሮጌ ሲሆኑም ገዢ አላቸው። መርካቶ ውስጥ ያገለገለ ስፒከር የሚገዛ ሰው ዕቃውን አንስቶ ክብደቱን ይለካል፣ የፊቱን ጨርቅ ገልጦ ኮኑን ያያል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። ሶፍትዌሩ ስንተኛው እትም እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም።